ላብ የማይወጣበት ላብ

አንድ የኔትወርክ ተማሪ ለአፓረንትሺፕ ወደ እኔ ተልኮ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ሰባቱን የኦኤስአይ ደረጃዎች ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እንደ ዳዊት ደገመልኝ። ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ እንደሌለበትም ነገረኝ። እኔም ግማሽ ሜትር ኬብል፣ አንድ አርጄ 45 እና ክሪምፐር ሰጠሁት። ክሪምፐሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ስላይዱ ላይ ያለው እኮ ቀይ ነው» አለኝ። የእኔው ሰማያዊ ነው።

የልጁ ኮሌጅ ላብ የለውም እንዳትሉ። አለው! ራውተሮቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው፣ ላስቲካቸው ሳይላጥ ተደርድረው፣ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍል ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።

ይህን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም። ያልተነካ ራውተር አይበላሽም። ኦዲተር ሲመጣ ዕቃው ከነካርቶኑ ይቆጠራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ቢሆን ምርጫ እንጂ «ኬብል ሥራ» አይልም።

የሚያሳዝነኝ ጥበቡ ከግቢ አለመውጣቱ ነው። ልጁን ላጽናናው ብዬ የሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወስጄ ዓሣ ጋበዝኩት። እዚያ ያየነው ኋላ ቀርነት! ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ጎረምሳ ቆሮሶ የምትባለውን ዓሣ ይዞ ቆዳዋን ሸለቀቀና ሥጋዋን በሁለት ምት ከአጥንቷ ለየው። አንጀቷን እዚያ ለቆሙት አባ ኮዳ ወፎች ወረወረ። «ማን አስተማረህ?» ብለው «እየቆረጥኩ ነዋ!» አለኝ። ያለ ሲላበስ፣ ያለ ስላይድ!

ስለዚህ አሞራ ገደል በኮሌጁ ዘዴ ይሻሻል። መጀመሪያ ቢላዎቹ ተሰብስበው ቁጥር ይለጠፍባቸውና ይቆለፍባቸው። ጎረምሶቹ በአንደኛው ሴሚስተር «የዓሣ ትርጉምና ጥቅም»፣ በሁለተኛው «ሰባቱ የዓሣ ደረጃዎች» ይማሩ። በሦስተኛው በፕሮጀክተር ይገፈፋል፤ መብራት ከሄደ እንደተገፈፈ ይቆጠር። የላብ ሪፖርቱ ከአምናው ተማሪ ይገልበጥ፣ የዓሣዋ ክብደት እንኳ ሳይቀየር። የተግባር ልምምድ ቀን ለአርባ ልጅ አንድ ዓሣ ትምጣ፤ ፊት የተቀመጠው ጅራቷን ይንካ፣ የቀሩት የእሱን ጀርባ ያጥኑ። ስትሸትም «ለቀጣዩ ባች ታገለግላለች» ተብላ ወደ ስቶር ትመለስ። እንግዳ መጥቶ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሲያዝ ምሩቁ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ከሚከተሉት ውስጥ ዓሣ የሆነው የቱ ነው?» ይበለው። የአባ ኮዳዎቹን ረሃብ የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል።

ቀልዱ ይብቃኝ። ልጅን አራት ዓመት አስከፍሎ ኬብል ሳያስነኩ ማስመረቅ ማጭበርበር ነው።

የገንዘብ እጥረትም ምክንያት አይሆንም። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የኔትወርክ ማስመሰያ ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል፤ ጥሩ መለማመጃ ነው፣ ግን የውጭ ላስቲኩ አርጄ 45 ውስጥ በደንብ ሳይገባ የተመታ ኬብል ሲጎተት እንደሚነቀል አያሳይም። ለዚህ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ስዊችና አንድ ካርቶን ኬብል ይበቃል። አስተማሪው ጠዋት ቀድሞ ይግባና ያበላሸው። የአንዱን ኬብል ሁለት ሽቦ ያቀያይር፣ የአንዱን ኮምፒውተር ሰብኔት ማስክ ያሳስት፣ ሲፈልግ ለሁለቱም አንድ አይፒ ይስጥ። ከዚያ «ለምን አይሠራም?» ብሎ ይውጣላቸው። የሚያልባቸው ያኔ ነው።

የእኔው ልጅ በሦስተኛው ቀን ነጭ ብርቱካናማውን አስቀድሞ ስምንቱን ሽቦ ደረደረ። አሥራ አንድ አርጄ 45 አበላሸ፤ በአሥራ ሁለተኛው የቴስተሩ ስምንት መብራቶች በተራ በሩ። የአሥራ አንዱን ዋጋ እኔ ችዬዋለሁ፤ የአራት ዓመቱን ክፍያ የተቀበለው ግን ኮሌጁ ነው።