ስለ ምዕራፍ፣ ስለ ገቢርና ስለ ወራጅ

ድርሰት የሚከፋፈለው በምን ሕግ ነው? ይህ ጥያቄ የተነሣው ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ሳለ ነው። የጥናቱ ቦታ ለምን ይህ ሆነ የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው፤ የምኖረው አቃቂ ነው። የመረጃ አሰባሰብ ዘዴው ጆሮ ጥሎ መስማት ነው።

እንደ ደንቡ ከቀደምት ሊቃውንት እንነሣ። አርስቶትል ድርሰት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይኑረው አለ። የሮማው ሆራስ ቴአትር ከአምስት ገቢር አይብለጥ፣ አይነስም ሲል ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1863 ጀርመናዊው ጉስታፍ ፍራይታግ አምስቱን ክፍሎች እንደ ተራራ ደረደራቸው፤ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ የክፍፍሉን ምክንያት የሚፈልጉት ታሪኩ ሆድ ውስጥ ነው። የዚህ ጥናት አቅራቢ በትሕትና የሚለው ምክንያቱ ውጪ ነው ያለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሒሳብ የሚሰበስበው ሰው እጅ ላይ ይገኛል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ጣሪያ ያላቸው ቴአትር ቤቶች በገቢርና በገቢር መካከል ጨዋታውን ያቋርጡ ነበር፤ የሻማው ክር መከርከም ነበረበትና። ንጉሡ ዙፋኑን ሊያጣ ምንም ያህል ቢቃረብ፣ ሻማው ከጨሰ ይጠብቃል። ቻርልስ ዲክንስ ደግሞ «ፒክዊክ»ን በ1836 እና በ1837 በየወሩ እየቆረሰ፣ ቁራሹን በአንድ ሽልንግ ሸጠ። አንድ ቁራሽ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነበር። 33ኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የፈለገ አንባቢ የሚቀጥለውን ወርና የሚቀጥለውን ሽልንግ ይጠብቃል። (እንግሊዞች ይህን ዘዴ ጥበብ ይሉታል። እኛ ሰፈር ሌላ ስም አለው፤ እደርስበታለሁ።)

የእኛ አባቶች ነገሩን አልደበቁትም። «ምዕራፍ» ማለት ማረፊያ ነው፣ ዐረፈ ከሚለው ግስ የወጣ። መንገደኛው ደከመው፣ ተቀመጠ፣ ስንቁን ፈታ፤ በቃ። የዳዊት 150 መዝሙር በዐሥር በዐሥሩ ተከፍሎ 15 «ንጉሥ» ይባላል፤ ስለዚህ አንድ ደጋሚ ቁርስ ሳይቀምስ ሁለት ንጉሥ ጨርሶ ሊነሣ ይችላል፣ ያውም ያለ አንዳች የመንግሥት ግልበጣ። ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ ቀናት፣ ድርሳነ ሚካኤል በዐሥራ ሁለቱ ወራት ተከፍለዋል። ብርሃኑ ዘሪሁንም አብዮቱን «ማዕበል» ብሎ በሦስት መጽሐፍ ሲከፍለው ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት አለ፤ ከቀን መቁጠሪያ ፈቀቅ አላለም። መልክዕ የሚባለው ድርሰት ደግሞ ሰውነትን ይዞ ይሄዳል፤ ከራስ ጠጉር ጀምሮ ለየአካሉ ሰላም እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። ፍራይታግ ተራራውን ሲቧጥጥ ሊቃውንቱ ቁልቁለቱን መረጡ።

የቅኔው ለአካባቢያችን ነዋሪ በተለይ ልብ የሚነካ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ሰባት ጊዜ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ስሙን ያጣ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ባለቅኔው በአንድ ሌሊት ስምንት ቤት ሠርቶ ያድራል፤ ካርታ አምጣ የሚለው የለም።

በአማርኛ ግጥም አነስተኛው ሐረግ፣ ከዚያ ስንኝ፣ ስንኞች ሲሰባሰቡ አንጓ ይባላል። አንጓን ለመመርመር አቃቂ ገበያ ዳር ካለ ሸንኮራ አገዳ ሻጭ ልጅ ዘንድ አንድ ከሰዓት ቆሜያለሁ። አገዳውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ልጣጩን በረጅም ቢላዋ ቁልቁል ይገፈዋል። ቢላዋው ሳይቸገር ይሄድና አንጓው ጋ ሲደርስ ነጠር ይላል፤ እዚያ ላይ ልጁ ሁለት ጊዜ ይመታል። የምትጠነክረዋን ቁራጭ እግሩ ሥር ይጥላታል፤ ጣፋጩን ይሰጥሃል። ለምን ትጥላታለህ ብለው «ጋሼ፣ እሷ ጥርስ ትሰብራለች» አለኝ። ስለ ግጥም ክፍሎች ካነበብኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ በዚህ ልክ የገባኝ የለም።

አቃቂ በክፍፍል ጉዳይ ታሪክ የሌላት ከተማ አይደለችም። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አንደኛ ገቢር። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ ሐዲዱ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሃያሲ ቢሆን በሁለቱ ገቢሮች መካከል ያለውን ጊዜ «ልብ ሰቀላ» ይለው ነበር። የባንክ ሰው ኪሳራ ይለዋል። ሁለቱም ያው አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ በቴአትር ታሪክ ይህን የሚያህል የሻይ ዕረፍት አላውቅም።

«ገቢር» ራሱ በሰዋስው አድራጊ ማለት ሲሆን ተቃራኒው ተገብሮ ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ ያለው ገቢር ከሆነ ወንበር ላይ ያለው ተመልካች ተገብሮ መሆኑ ግልጽ ነው፤ በተለይ የአቃቂ ተመልካች። ከጥጥ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ በወጣትነታቸው ቴአትር ወዳጅ ነበሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸውን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን አይተዋል። ሁለቱም አምስት አምስት ገቢር ናቸው፤ ወደ አቃቂ የሚመለሰው የመጨረሻው ታክሲ ግን አምስተኛውን አይጠብቅም። በመሆኑም ጎረቤቴ ዘንድ ዴዝዴሞና እስከ ዛሬ ደኅና ናት። ሐምሌትም በሕይወት አለ፣ ትንሽ ተክዟል እንጂ። ትራጄዲ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ስሞክር «እሱ መሀል ከተማ ለሚያድር ሰው ነው» ብለው ዘጉኝ።

በሬዲዮም ያው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ የደራሲው ምዕራፍ ለፕሮግራሙ ሰዓት እጅ ሰጠ። እናቴ መጽሐፉን በምዕራፍ ቁጥር አታውቀውም። «ሽሮው ያረረበት ክፍል» ትላለች፤ «መብራት የጠፋበት ክፍል» ትላለች። በእኔ አስተያየት ከፍራይታግ የተሻለ አከፋፈል ነው፤ ቢያንስ ሽሮው በእርግጥ አርሯል።

አሁን ወደ አካባቢያችን አስተዋጽኦ ልምጣ። ሲመሽ፣ ሳሪስ ላይ፣ ቀን «አቃቂ! አቃቂ!» ሲል የዋለው ረዳት ድንገት «ቃሊቲ ብቻ! ቃሊቲ ብቻ!» ማለት ይጀምራል። ቆርጦ መጫን ይባላል። መንገዱ አልተለወጠም፣ ሾፌሩም ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው፤ ግን አንዱ ጉዞ ሁለት ክፍል ሆኗል፣ የሁለቱ ክፍል ሒሳብም ከአንዱ ይበልጣል። ረዳቱን ከዲክንስ የሚያስከብረው አንድ ነገር አለ፤ ስለ ኪነ ጥበብ ምንም አይልም።

ባለፈው ሐሙስ በዚህ ዓይነቱ አንደኛ ክፍል ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ትተርካለች፣ ሌላዋ ፌስታል አቅፋ ትሰማለች።

«ስሚማ፣ ክፍለ ሀገር ነኝ ብሎኛል አይደል? እኔ እኮ ልብስ ላደርስ ነው የሄድኩት...»

ሳሪስ አቦ ላይ «ወራጅ አለ!» ተባለ፤ ሁለት ሰው ወረደ፣ ሦስት ገባ። እሷ አፏን ዘግታ ጠበቀች። በሩ ሲዘጋ ካቆመችበት ቃል ቀጠለች። አርስቶትል ይህን ቢያይ አንድ ገጽ ይጨምር ነበር።

«...ቁልፉ ከውስጥ ነው። ጫማ አለ በር ላይ። የሴት አይደለም፣ የሕፃን ነው። አንኳኳሁ። ዝም። አንኳኳሁ። ከዚያልሽ በሩ ቀስ ብሎ...»

«መጨረሻ ነው! ቃሊቲ መጨረሻ! እናት፣ ውረዱ እንጂ!»

ወረድን። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሁለተኛው ክፍል መጣ፣ ተጋፋን፣ ረዳቱ «አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!» አለ፤ ተራኪዋ እጇ ተይዞ ገባችና በሩ ተዘጋ። አድማጯ ከነፌስታሏ ሰልፉ ላይ ቀረች። እኔም ከኋላዋ።

የተመራማሪን ገለልተኝነት ለአንድ አፍታ ትቼ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ በሩን ማን ነው የከፈተው?» አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እኔም አላውቅም» አለች።

«አትደውዪላትም?»

«ለምን?» አለች፣ ፌስታሏን ወደ ሌላው እጇ እያዛወረች። «ሰኞ ትነግረኛለች።»

እኔ ሰኞ የምወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ፈቃድ ጠይቄያለሁ።