የአዳማ አጥር፦ ዓይንን ስለመከልከልና ነፋስን ስለማስቀየም

አዳማ ነፋስ እንዳላት ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። መንግሥት ራሱ በኮረብታዎቿ ላይ በሁለት ዙር፣ መጀመሪያ 34 ቀጥሎም 102 ተርባይኖች ተክሎ፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ገንብቶባታል። ከኮረብታው ግርጌ ያለው ነዋሪ በበኩሉ ለዚሁ ነፋስ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው አጥር አጥሮ ይጠብቀዋል። የዚህ ጥናት ዓላማ በሁለቱ ግንባታዎች መካከል ያለውን የአሠራር ልዩነት መመርመር ነው።

ልዩነቱ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ተርባይኑ ነፋሱን እያሳለፈ ይጠቀምበታል፤ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍም ሥራውን ራሱ ያቆማል። አጥሩ አያሳልፍም፤ ሥራውን የሚያቆመውም በግንባሩ ተደፍቶ ነው።

አጥር የሚታጠረው ለሌባ ነው የሚለው አመለካከት ሰፊ ተቀባይነት ቢኖረውም በማስረጃ አይደገፍም። ሌባ መሰላል አያጣም። አጥር የሚታጠረው ለጎረቤት ነው፤ በተለይም ለሚወደድ ጎረቤት። የወዲያኛው ግቢ እትዬ ዛሬ እዚህ ምን እንደተሰጣ፣ ማን እንደመጣ፣ የመጣውም ምን አንጠልጥሎ እንደመጣ ካላዩ አይውሉም። ካዩ ደግሞ ማታ ቡና ላይ «ለመሆኑ እንግዳችሁ ሄደ?» ብለው ይጠይቃሉ። የቤቱ ገመና በዚህች ጥያቄ ይናጋል፤ በማግስቱ አናጢ ይጠራል።

በጥናቱ እንደተለየው አንድ አጥር በሦስት ዘመናት ያልፋል። የመጀመሪያው የአጣና ዘመን ነው፦ ባሕር ዛፉ ጎን ለጎን ይተከላል፣ በማገር ይያያዛል፣ ነፋሱም በየክፍተቱ እያፏጨ ያልፋል። ሁለተኛው የማዳበሪያ ዘመን ሲሆን ክፍተቱ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በካርቶንና በሸራ ይጠቀጠቃል። በሦስተኛው ዘመን ከዳር እስከ ዳር ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ይመታበታል። ይህ የመጨረሻው የሥልጣኔ ደረጃ በአንድ ሌሊት ሊያበቃ ይችላል።

ምክንያቱ የሂሳብ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በአዳማ ከፍታ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ያህል ይጫናል። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው 5 ካሬ ሜትር ታዲያ 25 ኪሎ ይሸከማል፤ ይህን የትኛውም አጥር ይችለዋል። ነፋሱ 72 ሲገባ ግን እዚያው ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ተደገፈ ማለት ነው፤ ያውም የሚገፋ፣ የሚለቅ፣ ደግሞ የሚገፋ ኩንታል። ሚስማሩ የተመታው በእርጥብ እንጨት ላይ ነበርና እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ በእያንዳንዱ ግፊት ፀጉር ታህል ብቅ ይላል። ባለቤቱ በየጠዋቱ በድንጋይ መልሶ ይመታዋል። ይህ በመስኩ «ጥገና» ይባላል።

ስለ እንጨቱም ጥቂት ማለት ይገባል። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማነቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነገሩን አስቀረው። ዋና ከተማን ከስደት ያዳነ ዛፍ አንድ ግቢ ማጠር ያቅተዋል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ምስጥ ግን ታሪክ አያነብም። ጽድና ወይራ ምስጥን በመቋቋም የታወቁ ናቸው፤ ሆኖም ትልልቅ ጽዶች ዛሬ በብዛት የሚታዩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እዚያ መጥረቢያ ይዞ መግባት ደግሞ ከጎረቤት የበረታ ተመልካች አለበት።

የወደቀ ቋሚ ነቅሎ ያየ ሰው የሚያገኘው አስገራሚ ነገር ነው። ከመሬት በላይ ያለው ጤነኛ ነው፤ ወደ ታች ጠልቆ የተቀበረውም ደህና ሊሆን ይችላል። ያለቀው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት አንድ ስንዝር ብቻ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ለመበስበስ እርጥበትም አየርም ያስፈልጋልና ሁለቱ የሚገኙት እዚያ ነው። መድኃኒቱ አይከብድም፦ ልጡን መላጥ፣ እንጨቱን ማድረቅ፣ ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ማድረግ፣ ኮንክሪት ከተሞላም አናቱን ውኃ እንዳይቋጥር ወደ ውጭ ማዝመም። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ ከገጽ ብዙም አይዘልቅም፤ ከእንጨቱ በላይ የቀቢውን ልብስ ይጠብቃል።

ከ3 ሜትር ቋሚ 1 ሜትሩ ቢቀበር መልካም ነው። በተግባር ግን የጉድጓዱ ጥልቀት በውሉ ዓይነት ይወሰናል፦ ቆፋሪው በኮንትራት ከተቀጠረ እስከ ጉልበቱ፣ በቀን ሂሳብ ከተቀጠረ እስከ ወገቡ።

ስለ ነፋስ መከላከያ የተደረጉ ምርምሮች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ከገጹ ከ40 እስከ 50 በመቶው ክፍት የሆነ አጥር ነፋስን ከድፍኑ በተሻለ ያበርዳል። ድፍኑ ነፋሱን ወደ ላይ ወርውሮ ከጀርባው ያሽከረክረዋል። በአዳማ ይህ በፌስታል ይረጋገጣል፤ መንገድ ላይ የነበረው ፌስታል አጥሩን ዘሎ ይገባና ግቢው መሃል ሲዞር ይውላል።

ዓይንን ከልክሎ ነፋስን የሚያሳልፍ አሠራርም አለ። ጣውላዎቹ በማገሩ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ይመታሉ፤ ጠርዛቸው ከወዲያኛው ጣውላ ጋር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይደራረባል። ነፋሱ ተጣጥፎ ያልፋል፤ ዓይን መጣጠፍ ስለማይችል ይቀራል። ጉድለቱ፣ መደራረቡ ካነሰ በሰያፍ ለሚመለከት ሰው ትንሽ መግቢያ መተዉ ነው። እትዬ ጂኦሜትሪ ባይማሩም ማዕዘኑን ያገኙታል።

የቀረው በሩ ነው። በር ከብረት ይሠራል፣ ምሰሶው በኮንክሪት ይታሰራል፣ ቀለምም ይቀባል፤ ስለዚህ ኃይለኛ ነፋስ ባደረበት ጠዋት ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ግራና ቀኙ ተኝቷል። እንግዳ ይመጣል፤ የተኛውን አጥር ተራምዶ መግባት ሲችል ዞሮ በሩ ፊት ይቆማል፣ ብረቱን በሳንቲም ያንኳኳል፣ «ቤቶች!» ይላል። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ባለቤትም ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ «ማነው?» ይላል።