ትንሽ ነገር ናት

በዚህ ዘመን ሰዎች ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ትሕትናና ስለ ፍቅረ ቢጽ መጥፋት አብዝተው ሲያዝኑ፣ ልጆቻችንም ምግባር የሚማሩበት ቤት እንደ ታጣ ሲናገሩ ስሰማ፣ በየመንገዱ ዳር ኮፈኗን ከፍታ የቆመችውን አሮጌ መኪና ማንም ሳያስታውሳት በመቅረቱ እደነቃለሁ። ደመወዝ ሳትጠይቅ፣ ዕረፍትም ሳትሻ፣ ሀብታሙንና ድኻውን፣ ሹሙንና ሎሌውን በአንድ ጭስ ውስጥ አቁማ የምታስተምር፣ እርሷን የመሰለች መምህርት በአዲስ አበባ ከተማ ከቶ ወዴት ትገኛለች? ስለዚህ የሚገባትን ክብር በጽሑፍ ላቀርብላት ተነሥቻለሁ፤ ለባለቤቷም እንዲሁ፣ ያለ እርሱ ትጋት ይህን ያህል ባልተበላሸችም ነበርና።

የአሮጌ መኪና ባለቤት የሃይማኖቱ አንቀጽ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ትንሽ ነገር ናት» የሚለው ነው። ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቢተፋ ትንሽ ነገር ናት፤ ሞተሪኖው ቁልፍ ሲዞርለት ጭጭ ቢል ትንሽ ነገር ናት፤ ፍሪሲዮኑ ቢንሸራተት፣ ካምቢዮው ሦስተኛ ማርሽ አልቀበልም ቢል፣ የፍሬኑ ፔዳል ሲረግጡት እስከ ወለሉ ቢሰጥም፣ ሁሉም ትንሽ ነገር ነው፤ የብዙ ትንንሽ ነገሮች ድምር ትልቅ ነገር ይሆናል የሚለውን የሒሳብ ሕግ ግን ባለቤቱ ከኑፋቄ ቆጥሮ አውግዞታል። አንድ ደፋር መካኒክ በዘይት የራሰ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ የዚች መኪና ሞተር መውረድ አለበት» ቢለው፣ ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ያፈቀራት ሚስቱ የተሰደበችበት ያህል ፊቱን አጥቁሮ «ተው ልጄ፣ ካንዴላዋን ብቻ ጥረግልኝ፤ እኔ አውቃታለሁ፣ ዐመሏ ነው» ብሎ ይመልስለታል።

ዐመሏንም በብዙ ጥበብ ይዞላታል። ሰርባቶዮው ሲያፈስ ሳሙና ይለጠፍበታል፤ በሩ በሲባጎ ይታሰራል፤ ፍሬቻው ሲሞት የባለቤቱ ግራ እጅ በመስኮት ወጥቶ ፍሬቻ ይሆናል፤ የራዲያተሩ ክዳን በጠፋ ጊዜም ቡትቶ ይወተፍበታል። ስለዚህች ቡትቶ ጥቂት ማለት ይገባኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ውኃ በእርሷ አየር 100 ዲግሪ ሳይጠብቅ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተር ክዳን የተሠራውም ውኃውን በግፊት ጨቁኖ ቶሎ እንዳይፈላ ሊከለክለው ነው፤ ቡትቶ ግን ይህን ማድረግ አትችልም። ስለዚህ መኪናዋ ከለገሃር ተነሥታ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስትወጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ሳትደርስ በእንፋሎት ተከናንባ ትቆማለች፤ ባለቤቱም በታላቅ እርጋታ ወርዶ «ውኃ ጠምቷት ነው» ይላል፤ ልጁም ጀሪካን አንጠልጥሎ ከሱቅ ወደ ሱቅ ስለ እርሷ ይለምናል፤ ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ደግሞ ክላክሱን እየነፋ እግዚኦታ ያደርሳል።

ሞተሪኖዋ የሞተባት መኪና ባለቤት ግን ከዚህም የሚበልጥ ሊቅ ነው፤ ሊቅነቱም በመልክዐ ምድር ነው። ቁመቱ 3,000 ሜትር ከሚያልፈው ከእንጦጦ ጀምሮ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ያለውን ቁልቁለት ሁሉ ስሙንና መጠኑን፣ በጧት የትኛው ባዶ እንደሚሆን፣ በማታም የትኛውን ሌላ አሮጌ መኪና ቀድሞ እንደሚይዘው ጠንቅቆ ያውቃል፤ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ታች ሳያደርግ የትም አያቆማትም። ወዳጁን አዘውትሮ የሚጠይቀው ወዳጁ ዳገት ላይ ቤት ስለ ሠራ ነው፤ ቤቷ ሜዳ ላይ የሆነች ዘመድ ግን እናቱም ብትሆን በስልክ ትጠየቃለች። ከፊት ወንበር ሥር፣ በሌላው መኪና ክሪክ በሚቀመጥበት ስፍራ፣ ታኮ የሚሆን አንድ የተመረጠ ድንጋይ አለው፤ ድንጋዩም ከብዙ አገልግሎት የተነሣ ጠርዙ ለስልሷል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሐዋሳ በሹመት ቢዛወር፣ ሹመቱን እንቢ ማለቱ አይፈረድበትም፤ ሜዳ አገር ለእርሱ ስደት ነውና።

የመግፋትን ነገር ካነሣን ደግሞ፣ በዐይኔ ያየሁትን አንዱን ልንገራችሁ። በአንድ የሚያዝያ 23 ቀን፣ አራዳ ጊዮርጊስ ንግሡ ተፈጽሞ ሕዝበ ክርስቲያኑ ነጭ በነጭ ለብሶ ሲበተን፣ ከደጀ ሰላሙ ጥቂት ራቅ ብላ የቆመች አንዲት ቮልስ ባለቤቷ ቁልፉን ቢያዞረው ቢያዞረው አልነሣም አለችው። ሰውዬው ካፖርት የደረበ፣ ጢሙን ያሳመረ፣ የተከበረ ሽማግሌ ነበረና፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ወንድሞቼ፣ ስለ ጊዮርጊስ ብላችሁ፤ ትንሽ ነገር ናት» ባለ ጊዜ፣ ከዲያቆኑ ጀምሮ እስከ ሎተሪ አዟሪው ድረስ በዙሪያው ያለው ሁሉ ተረባረበ፤ ሚስቱም ክብደቱ ይቀንስ ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ወረደች። የቮልስ ሞተር ከኋላ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ የጭስ ማውጫዎቿም በዚያው ወገን ስለሆኑ፣ የሚገፋት ሰው ልብሱን ከማርሚታው አፍ ፊት ለፊት ሳይዘረጋ ሊገፋት አይቻለውም። ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ አድርሰዋት ቁልቁለቱን ስትይዝ ሽማግሌው ፍሪሲዮኑን ቢለቀው ሁለት ጊዜ ተንደቀደቀች፤ በሦስተኛው የዓመት ጥቀርሻዋን ሁሉ በዲያቆኑ ነጠላ ላይ አራግፋ ተነሣች፤ ሕዝቡም እልል አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ መታሰብ የሚገባው ነው። ሽማግሌው የረዱትን ለማመስገን ቢቆም መኪናዋ ትጠፋለች፤ ሚስቱን ለመጫን ቢቆምም ትጠፋለች፤ ስለዚህ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ ቸርችልን ቁልቁል ወረደና ከዐይናችን ተሰወረ። ሴትዮዋ ከመንገዱ ዳር ቀረች። አንድ ወጣት አዝኖላት «እትዬ፣ ጋሼ ይመለሳሉ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «የት ይመለሳል ልጄ፣ ለገሃር ነው የሚጠብቀኝ፤ ሞተሯን ሳያጠፋ» አለችውና፣ ነጠላዋን አደላድላ፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣ የታክሲ ሰልፍ ያዘች። ሰልፉን የያዘችበትም አኳኋን ልማድ ያለው ሰው አኳኋን ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ ባመጣ ጊዜ፣ ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ የሚሄድ ሠረገላ ማየት እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነበር። ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ እኛ ይህን ጥበብ ወደ ፍጻሜው አድርሰነዋል፤ በፈረስና በበቅሎ ፈንታ ዲያቆንና ሎተሪ አዟሪ ተክተንበታል።

ዋጋዋንም ብታዩ ክብሯን ትረዳላችሁ። በሌላው አገር መኪና ባረጀ መጠን ይረክሳል ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ባለቤቱ ከብዙ ዓመት በፊት ከገዛበት አስበልጦ ሲሸጣት አያፍርም፣ ገዢውም አይደነቅም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባው አሮጌ መኪና ላይ ከአዲሱ የከበደ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ፤ በዚህም ምክንያት ቀድሞ የገባው አሮጌ ሁሉ ከንዋየ ቅድሳት ተቈጠረ። ደላላውም ሲያሻሽጣት «ዶክተር የያዛት፣ ሴት የነዳቻት፣ ምንም ወጪ የሌላት» ብሎ ይመሰክርላታል። ዶክተሩ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ነገር ግን በከተማችን ስለሚሸጡት አሮጌ መኪኖች የተነገረው ሁሉ እውነት ከሆነ፣ ሐኪሞቻችን ሥራቸውን ትተው መኪና ሲለዋውጡ ኖረዋል ማለት ነው።

መለዋወጫ የሚፈልግ ደግሞ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል፤ በዚያም የአንድምታ ትርጓሜ በመጽሐፍ ቤት ብቻ የሚነገር አለመሆኑን ይረዳል። ነጋዴው አንዲት ዝገት ያለበሳት ብረት ከክምሩ ሥር መዝዞ ያወጣና «ይህች ለፔጆ የተሠራች ናት፤ አንድም ለላዳ ትሆናለች፤ አንድም ጫፏ በሞረድ ጥቂት ቢነካ ለቶዮታ ትሆናለች» ብሎ ያራቅቃል፤ ገዢውም በትርጓሜው ረክቶ ከፍሎ ይሄዳል። እንዲህ የተሰበሰበችው መኪና ከተለያዩ ሦስት አገሮች የመጣ አካል ይዛ ስትንቀሳቀስ፣ ዐልፎ ዐልፎ በመካከላቸው ጠብ ቢነሣ ምን ያስገርማል?

ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ የሚደረገው መሰናዶ ግን በዝምታ ቢታለፍ ይሻል ነበር፤ ሆኖም አላልፈውም። በዚያች ዕለት ባለቤቱ ከወዳጁ አራት ደኅና ጎማ ይዋሳል፤ መብራቱን ይለውጣል፤ መኪናዋን አሳጥቦ ይዟት ይቀርባል፤ ቦሎው በመስተዋቷ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን ጎማው ለወዳጁ ይመለሳል፣ የቀድሞው መላጣ ጎማም ወደ ቦታው ይገባል። ስለዚህ ተመርምሮ ያለፈው ጎማው ነው፤ በመንገድ ላይ የምትሄደው ግን መኪናዋ ናት። ተዋሹ ይህን ሲያደርግ መንግሥትን ያታለለ ይመስለዋል፤ በዚያች መኪና ውስጥ በየቀኑ የሚሳፈሩት ግን የገዛ ልጆቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ የተናገርሁት በድኻ ለመሳለቅ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ያጣ ሰው መኪናውን አቁሞ በእግሩ ሲሄድ፣ አንዲት ዕቃ ለመግዛት ወር ሙሉ ሲቆጥብ አይቻለሁ፤ በእርሱ የሚስቅ ሰው እርሱ ራሱ ሊሳቅበት ይገባዋል። እኔ የማደንቀው ያኛውን ነው፤ ለወንበሯ አዲስ ልብስ፣ ለወለሏ ምንጣፍ፣ ለጆሮው የሚያንቀጠቅጥ ቴፕ ገዝቶ፣ በኋላ መስተዋቷ ላይም «በፈጣሪ እንጓዛለን» ብሎ አጽፎ፣ የፍሬን ሸራ ግዛ ሲሉት ኑሮ ተወደደ የሚለውን። በእርሱ ዘንድ ፈጣሪ ከረዳትነት ወደ ፍሬንነት ተዛውሯል።

ይህም ሰው ከከተማ ወጥቶ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ መውረድ በጀመረ ጊዜ ጥበቡ ይፈጸማል። ከፊቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚጠማዘዝ መንገድ አለ፤ እርሱ ግን ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ወደ ፎሌ ያወጣዋል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ይተዋል፤ ክብደቷ በሙሉ በዚያ ባልተገዛው የፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይትም ይፈላል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ነው፣ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ጎማ አያቆምም። ባለቤቱ የቆጠባት ቤንዚን ዋጋዋ ስንት እንደ ሆነ ከጎሐ ጽዮን በታች በገደሉ ዳር ተገልብጠው የቀሩት ብረቶች ያስረዳሉ። በነጋታውም «ፍሬን እንቢ ብሎት ነው» ይባላል፤ ፍሬኑ ከዚያች ቀን በፊት ለብዙ ወራት እየጮኸ፣ እያንቋረረ፣ ሸራ እየለመነ እንደ ኖረ ግን የሚመሰክር የለም። በለቅሶው ቤትም ማን እንደ ፈቀደው ሲነገር የፈጣሪ ስም ይጠራል፤ የባለቤቱ ስም ግን ለወቀሳ አይጠራም፤ እኛም ስንገፋለት የነበርነው፣ በልግስናችን እየተመሰጋገንን፣ ነጠላችንን አራግፈን እንገባለን።

የአገራችን ሰው የቆመ ሲያይ ሳይገፋ አያልፍም፤ ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እንዲጠፋም አልሻም። እኔ በበኩሌ ግን ከእንግዲህ ወዲህ «ወንድሜ፣ ጥቂት ግፋልኝ» የሚለኝን ሰው አስቀድሜ ከመስኮቱ ጎንበስ ብዬ ፍሬኑ ይይዝ እንደ ሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ፔዳሉንም በፊቴ እንዲረግጠው አደርጋለሁ። የሚይዝ ከሆነ እስከ ለገሃርም ቢሆን እገፋለታለሁ፤ የማይዝ ከሆነ ግን ታኮውን ከጎማው ሥር አኑሬለት እሄዳለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም እንዲሁ አድርግ።