ዋልያዋ መተማ ወረደች

መተማ ዮሐንስ ተመድቤ ስወርድ ጓደኞቼ አጎበርና የወባ ኪኒን ያዝ ብለው መከሩኝ። ያዝኩ። ማንም ሳይመክረኝ ደግሞ አንድ ሙሉ ሉህ ቴምብር ያዝኩ፤ 50 ዋልያ፣ አንዲት ያልተቀነሰችበት፣ ሕዳጉ በአራቱም ማዕዘን ያለ።

ቴምብር ሰብሳቢ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከፖስታ ላይ እየላጠ አንድ አንድ ይለቅማል፤ እሱ ጤነኛ ነው። ሌላው ሉሁን ከማተሚያ ቤት እንደወጣ፣ ሳይቆርስ ያስቀምጣል። ለእኛ ለሁለተኞቹ ዳር ላይ ያለው ባዶ ወረቀትና እዚያ የታተመው ቁጥር ከሥዕሉ ይበልጥብናል። ከመካከሉ አንዲት ከተገነጠለች ሉሁ አለቀለት፤ የተቆረሰ እንጀራ ለእንግዳ አይቀርብም። የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር፣ እ.ኤ.አ. በ1840 የወጣው የእንግሊዞች ጥቁር ባለ አንድ ፔኒ፣ በሉህ 240 ነበር፤ ያኔ 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ነበርና ሉሁን የያዘ ፓውንድ ያዘ ማለት ነው። የእኛዎቹ የመጀመሪያ ሰባት ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ታተሙ፤ አራቱ የአፄ ምኒልክ መልክ፣ ሦስቱ አንበሳ አለባቸው። ከቅድመ አያቶቼ አንዱ የእነዚያን ሙሉ ሉህ ሳጥን ሥር ጥሎልኝ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ መተማ ምን እሠራለሁ?

ይህን ሁሉ ለአከራዬ አስረዳኋቸው።

«ልጄ፣ ሃምሳ አለህ። አንዷን ብትሰጠኝ ምን ይጎድልብሃል?»

«አርባ ዘጠኙ ይጎድሉብኛል፣ እማማ።»

የዚያን ቀን ቡናዬ ስኳር አልነበረውም።

ወሬው ግን ከግቢ ወጣ። አንድ ምሽት አንድ የሰሊጥ ነጋዴ በሬን አንኳኳ። «ቴምብር አለህ አሉኝ። ውል ልንፈርም ነው።» ይኼ የፖስታ ነው፣ ውል ላይ የሚለጠፈው ሌላ ነው አልኩት። በስልኩ መብራት አገላብጦ አየው።

«ኢትዮጵያ አይልም?»

«ይላል።»

«ዋጋ አልተጻፈበትም?»

«ተጽፏል።»

«ታዲያ ምን ቀረው?»

ግራ ቢገባኝ ዋልያዋን ጠቆምኩት።

«ፍየሏ ምን አገባት? ፈራሚው እኔ!»

ከነጋዴው አተረፍኩት፤ ከክረምቱ ግን አላተረፍኩትም። የቴምብር ጀርባ ለብዙ ዘመን ይቀባ የነበረው የዐረብ ሙጫ ነው። ከግራር ይለቀማል፤ ዋናዋ አምራች ደግሞ ከድንበሩ ማዶ፣ ከጋላባት ጀምሮ ያለችው ሱዳን ናት። ከዚህ ማዶ ተለቅሞ፣ አውሮፓ ደርሶ፣ ቴምብር ጀርባ ላይ ተቀብቶ ተመልሶ መተማ የሚላስ ሙጫ አስቡት! የእኔው ሉህ ሙጫም ዘመዶቹ ሰፈር የደረሰ ይመስል ሐምሌ ሲገባ ላብ ላብ አለው። ፍራሽ ሥር በመጽሐፍ ውስጥ አስተኝቼው ነበር። ነሐሴ ላይ ላወጣው ብስበው መጽሐፉ አብሮ መጣ።

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጌ ዘፈዘፍኩት። ወረቀቱ ለቀቀ፤ ምን ያደርጋል፣ በጥርስ በጥርሱ እየተበጠሰ ነው የለቀቀው። በሰሜን ተራራ ገደል ለገደል የምትዘለው ዋልያ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። ከመጽሐፉ ጋር የቀሩትን፣ የተቀደዱትንና ቀለማቸው የሄደውን ስቀንስ በደህና የወጡት 12 ናቸው።

አከራዬ ከጎኔ ቁጢጥ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«አሁንስ ትሰጠኛለህ?»

ሰጠኋቸው። ያውም ምርጧን፤ የማዕዘኗን፣ በሁለት በኩል ሕዳግ ያላትን፣ ቁጥሩ ሳይቀር የሚነበብባትን። ከሉሁ የሉህነት ወግ የቀረላት እሷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ ቡና ጠሩኝ፤ ስኳሩ ተመልሷል። ዋልያዋ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብላ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ሙጫው ውሃ ውስጥ ቀርቶ አልነበር፣ በምን ለጠፏት ብል፣ በር ላይ ያለውን ግራር በአገጫቸው አመለከቱኝ። ቀረብ ብዬ አየኋት። ቀጥ ብላለች፣ አንድ እጥፋት የላትም።

«ደሞ አሳምሬያታለሁ» አሉኝ ስኒውን እያቀበሉኝ፤ «ያንን ዙሪያዋን ያለውን ትርፍ ወረቀት በመቀስ አነሳሁላት።»