ኪያርና የእሑድ ሕግ

ፍራንክፈርት

እትዬ፣ «እንቁላል መቀቀል የማይችል ልጅ ሰው አገር በረሃብ ያልቃል» ብለሽ ለመንደሩ ያወጅሽው ደርሶኛል። ስሚ እንግዲህ።

እዚህ አገር እሑድ ማንኳኳት ነውር ነው። ነውር ብቻም አይደል፣ የእሑድ ዕረፍት ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሰፍሯል። እኔ ደግሞ እማዬ የላከችውን ሙቀጫ አውጥቼ ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት አሮጊት ናቸው፤ በልቤ ወይዘሮ ሚዛን እላቸዋለሁ። ጣታቸውን ቀስረው ሊገሥጹኝ ሲሉ ዓይናቸው መክተፊያው ላይ አረፈ። ኪያሬን አዩ። ቁጣው እሑድን ትቶ ወደ ኪያሩ ዞረ።

ሴትዮዋ የሽፕሬቫልድ ልጅ ናቸው። የዚያን አገር ኪያር ስም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 በሕግ ያስጠበቀለት ነው። ከእሳቸው ጋር ስለ ኪያር መከራከር ከመንዝ ሰው ጋር ስለ በግ እንደ መከራከር ነው። ከከተፍኩት አንዱን አንስተው በመስኮቱ አንጻር ያዙት። ብርሃን አላሳለፈም። «ይህ ለፈረስ ነው» አሉ። አንቺ ቲማቲም ስትፈልጪ ቢያዩማ ፖሊስ ይጠሩ ነበር። ወርደው መሐሉ ላይ ስለት የተገጠመበት ሰሌዳ፣ ሚዛንና ኮምጣጣ ክሬም ይዘው ተመለሱ።

ኪያሩ ሳስቶ ሳስቶ ወረደ። ጨዉን በሚዛን መዝነው ነሰነሱበትና «ሃያ ደቂቃ» አሉ። ኪያር ከመቶ 95 እጁ ውኃ ነው፤ አስቀድሞ ካላለቀሰ በኋላ ክሬሙን ያቀጥነዋል። እሺ፣ ሃያ ደቂቃ ምን እናውራ? ወንበሬን ለእሳቸው ለቅቄ በገመድ ባሰራችሁት ሻንጣ ላይ ተቀመጥኩ። እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ሰው ተቀምጦ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ደግነቱ ሻንጣው ሲጥ አለ፤ «ከስቶ ይሆናል» እያለ ለሚብሰከሰከው ጋሼ ንገሪልኝ።

ሰዓቱ ሲሞላ ኪያሩን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። ክሬሙ 10 በመቶ ብቻ ቅባት ያለው ነው፤ «ከባዱን የሚጨምር ኪያሩን ይቀብረዋል» አሉ። ኮምጣጤ ጠብ አደረጉ፣ እንስላል የሚመስል ዲል የሚሉትን ቅጠል ከተፉ፣ ከዚያ ስኳር ነሰነሱ። ስኳር፣ እትዬ፣ ሰላጣ ላይ! የእማዬን «እግዚኦ» እዚህ ሆኜ ሰማሁት።

ቁንዶ በርበሬው ቀረ። ወይዘሮ ሚዛን ግራ ቀኝ አዩና ሙቀጫውን ሳቡት። ዘነዘናውን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉ፤ ከዚያማ ድም! ድም! ድም! እኔን ሊከሱ የመጡበት እሑድ የት እንደገባ እንጃ። ጉንጫቸው ቀላ፣ ፀጉራቸው ተበተነ፤ ቁንዶ በርበሬው ደቅቆ አመድ ከሆነ በኋላ እንኳ አላቆሙም። በሩ እንደገና ተንኳኳ። ከላይ ያለው ሰውዬ ነው፣ በካልሲው፣ ዓይኑ ፈጦ። እሳቸው ዘነዘናውን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ ልብሳቸውን አራግፈው፣ «ኢትዮጵያዊው ነው» አሉ።

እኔም ሳልመልስ ለሰውየው ሳህን አቀበልኩት። ቆመን በላን። ቀዝቀዝ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጉሮሮ የማይጎረብጥ ነገር ነው፤ ስኳሩም ተደብቋል። እኔ የራሴ ላይ ሚጥሚጣ ጣል አደረግሁ። ወይዘሮ ሚዛን «ላቅምስ» አሉ፤ ቀመሱ፣ አሳላቸው፣ እንባቸውን ጠረጉና «በግራም ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ሚጥሚጣው ስላለቀ የሚመጣ ሰው ስታገኙ ላኩልኝ። እማዬ ክሬሙን ሰምታ ቀኑን ከጠየቀችሽ እሑድ ነበር በያት። ወሩን ከጠየቀችሽ ግን ነሐሴ የሚለው ላይ ቡና ፈሶበታል በያት።

ወንድምሽ