የአደባባይ ዶሮ

እሑድ እሑድ አዳማ ውስጥ ማን ምን እንደበላ ለማወቅ የሰው በር ማንኳኳት ከቀረ ቆየ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ፣ ገና ቢጃማዬን ሳላወልቅ፣ ፍራንኮ አካባቢ ያለው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጥብሱን በቃሪያ አጅቦ እንደተቀመጠ፣ ባቱ ያገባችው የአክስቴ ልጅ የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ እንደጠበሰች፣ ሞጆ ያሉት ዘመዶቼ ደግሞ ክትፎ እንዳወጡ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከእኔ ቤት በአንድ የብሎኬት ግንብ ብቻ የምትለየው ጎረቤቴ ዶሮ መሥራቷንም አውቄአለሁ። እርግጥ የእሷን ቀድሞ የነገረኝ አፍንጫዬ ነው፤ ቁሌቱ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ግንቡን እየዘለለ ሲገባ አድሯል። ሽታ ግን እንደ ወሬ ነው፣ አይታመንም። ነገሩ የጸናው ፎቶው ሲመጣ ነው፦ ወጡ በሸክላ ድስት፣ እንቁላሉ ተደርድሮ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን ቀልቶ፣ ከሥሩ «እሑድ በቤታችን» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉም ኋላ ሦስት ልብ።

ይህን ልግስና የሚያመሰግን ሰው በመጥፋቱ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የድሮ ሰው እንዲህ ቸር አልነበረም። መሶብ ለምን ክዳን ተበጀለት? እንዳይታይ። እኛ ልጆች ሳለን ቁራሽ ዳቦ ይዘን ወደ ደጅ ስንሮጥ «ግባ! በልተህ ውጣ! የሰው ልጅ ያያል» ተብለን ከበር እንመለስ ነበር። ግማሹ ምክንያት የቡዳ ፍርሃት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያልያዘው የጎረቤት ልጅ ምራቁን እንዳይውጥ። ይዘህ ከወጣህ ቆርሰህ ትሰጣለህ፤ ካልሰጠህ ውስጥ ትበላለህ፤ ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱም ከዚህ አልተሻለም። አፄ ምኒልክ በአዳራሻቸው ግብር ሲያበሉ መጀመሪያ እሳቸው ከመጋረጃ ጀርባ ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በየማዕረጉ እየገባ ይበላል። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ለእንጦጦ ማርያም የደገሱትን ድግስ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በታሪክ መጽሐፋቸው አስፍረውታል። ኋላ ቀርነቱን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሕዝቡ በላ፣ ከዚያ ተጻፈ። ዛሬ ተስተካክሏል። መጀመሪያ ይለጠፋል፤ የሕዝቡ መብላት ትርፍ ሥራ ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል።

የዚያ ዘመን ትልቁ ጥፋት «እንብላ» የሚሉት ልማድ ነበር። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ እንኳ ገበታ ቀርቦ ከደረሰ እንብላ ሳይባል አይሄድም። አዳማ ላይ ደግሞ በሁለት ቋንቋ ነው፤ አንዱ «ኮታ ኛዻ» ሲለው ሌላው «ና ቅረብ» ይለዋል፣ ማምለጫ የለውም። እሱ «ይባረክ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። እነሱ «በሞቴ» ይላሉ። በሦስተኛው በሞቴ እጁን ይታጠባል። ወጡ ካነሰ ሽሮ ይታከልበታል። ቤተሰቡ ሆዱን ሳይሞላ ይነሣል፣ ቆጣሪ አንባቢው ጠግቦ ይሄዳል፤ ይህን ሁሉ ደግነት የሚመሰክር አንድ ፎቶ እንኳ የለም። ኪሳራውን አስቡት።

አሁን ሒሳቡ ሌላ ነው። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ናት፤ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰው ነው የምትደርሰው። ፎቶዋ ግን አንድ ክንፍ ሳይጎድልባት ሦስት ሺህ ሰው ጋ ትደርሳለች። አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ለአምስት ሺህ ሰው እንደበቃ በወንጌል እናነባለን፤ የኛው ተአምር ከዚያ ብዙም አያንስም። ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች መጥገባቸው ብቻ ነው።

በቅርቡ አንድ ዘመዴ ቤት ለእሑድ ምሳ ተጠርቼ ነበር፤ በአካል ማለቴ ነው። ለምን በአካል እንደተጠራሁ የገባኝ ከደረስሁ በኋላ ነው። ረጅም ነኝ፣ ከላይ ለማንሣት እመቻለሁ። ሌማቱ ብርሃን ፍለጋ ከሳሎን ወደ በረንዳ ወጣ። ዝንቡ ተከትሎ ወጣ። ነፋሱም መጣ። የአዳማን ነፋስ ለማያውቅ፣ ከከተማዋ ጀርባ ባሉት ኮረብቶች ላይ አንዱ 51 ሌላው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። (ያ ሁሉ ኃይል የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ካለ፣ እሑድ ከሰዓት ቻርጅ ላይ የተሰኩትን ስልኮች ይቁጠር።) ፈረሰኛዋ፣ ድሮ ለአባወራው ትሰጥ የነበረችው፣ ፊቷን ወደ ካሜራው አድርጋ ተቀመጠች። አንድ ሕፃን ወደ እንቁላል እጁን ቢሰድ «ቆይ! አልተነሣም!» ተብሎ እጁን ተመታ። ጸሎቱ ሁለት ጊዜ ተደገመ፤ የመጀመሪያው ላይ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ወጥቷል።

ጸሎት ላይ ዓይን መጨፈን ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

የቤቱ ታላቅ፣ ልጆቹ «አኮ» የሚሏቸው አያት፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲያዩ ቆዩና ጠየቁ።

«ለማን ነው የምታነሡት?»

«ለሰው ነው አኮ።»

«ሰውየው የት አለ?»

«ብዙ ናቸው። በስልክ ነው የሚያዩት።»

«ታዲያ ጥሯቸዋ፤ ወጡ ይበቃል።»

«አይመጡም እኮ፤ ማየት ብቻ ነው።»

አኮ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወለቁና በሁለት እጃቸው ሌማቱ ላይ ጋረዱ። «አይቶ የማይበላ ዓይን ለወጥም ለልጅም ደግ አይደለም» አሉ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ከላይ እያነሣሁ ነበር። አሥራ አራት ፎቶ ወጣ፤ አሥራ አራቱም ላይ የሚታየው የነጠላው ጥለት ነው። የምኒልክ መጋረጃ አዳማ በረንዳ ላይ ተመልሶ ተዘረጋ። ልጆቹ «አኮ፣ ስታይሉን አበላሹት» ብለው አዘኑ። ያን ጊዜ እንጀራው በነፋሱ ደርቆ ጠርዙ ወደ ላይ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። ወጡስ ግድ የለም፤ በአዳማ ሙቀት ወጥ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

«የቤት ምግብ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እንዴት እንደሰፋም ሳላነሣ አላልፍም። ከምግብ ቤት በፌስታል የመጣ ወጥ ወደ ሸክላ ድስት ከተገለበጠ የቤት ነው፤ ድስቱ የቤት ነዋ። እንጀራው ከሱቅ፣ ዓይቡ ከሱቅ፣ «የእናቴ እጅ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ከቤት። እናቱ አሰላ ናቸው፤ ፎቶውን አይተው «ማነው የሠራልህ?» ብለው ደውለውለታል።

በእርግጥ ቤት በተሠራው ላይ ደግሞ አንድ እጅ አይቀርም። ድስቱን ሊያስቀምጥ ሲገባ የተነሣ፣ ከአንጓው ላይ የተቆረጠ እጅ ነው። ከአንጓው በላይ ያለችው ልጅ ከአርሲ ገጠር የመጣች ናት። የመቂን ሽንኩርት ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጣ የከተፈችው፣ ዓይኗ እያለቀሰ ቁሌቱን እስከ ማታ ያማሰለችው፣ ዶሮዋን በሎሚና በጨው ደጋግማ ያጠበችው፣ ከሁሉም ኋላ ጓዳ ሆና የተረፈውን የምትበላው እሷ ናት። ጽሑፉ «በፍቅር የሠራሁት» ይላል። በፍቅሩ ላይ ክርክር የለኝም። «የሠራሁት» በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ የዓለም መሆኑን አልዘነጋሁም። ኮሪያውያን ካሜራ ፊት ተቀምጦ መብላትን ሙክባንግ ብለው ሰይመውታል፤ መብላትና ማሰራጨት የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣብቀው። ብቻውን ለሚበላ ሰው አብሮት የሚበላ ፊት ይሆነዋል ብለው ምክንያት የሚሰጡም አሉ፤ ምክንያቱ ያሳዝናል እንጂ አያስቅም። እኛ ጋ ግን ስምንት ሆነን ሌማት ከበን፣ ስምንታችንም እያንዳንዳችን ከስልካችን ጋር ነው የምንበላው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ዘምቶ ነበር። ውለታ አይረሱም፤ ይኸው እነሱም በተራቸው እስከ ሌማታችን ዘምተዋል።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የስልኩ ቀን መቁጠሪያ ሁዳዴን አያውቅም። በ55ቱ ቀን መካከል፣ ዓርብ ዕለት፣ ስምንት ሰዓት ላይ «የዛሬ ዓመት ይህን ጊዜ» ብሎ ያለፈውን ዓመት ቅልጥም ያመጣልሃል። ረመዳን ላይ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ በአሥር ሰዓት የሚለጠፍ የሳምቡሳ ፎቶ አለ፤ ለጣፊው ሚስቱ መጥበሷን ሲያስመሰክር፣ ጾመኛ ጓደኞቹ ደግሞ የቀረውን ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ በደቂቃ ይቆጥራሉ። ማየት ጾም ይሽር እንደሆነ የሃይማኖት አባቶች ብይን ቢሰጡን ደግ ነበር።

አንድ ፎቶ ግን ከዚህ ሽሙጥ ይውጣልኝ። ሜሪላንድ ያለች እህት አለች። በአዳማ የሰባት ሰዓት ምሳ በእሷ አገር ማለዳ ነው፤ ሌሊት ሠርታ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ትከፍታለች። ዶሮዋን የገዛችው እሷ ናት፣ ፎቶውን ያነሣውንም ስልክ የገዛችው እሷ ናት። ለእሷ የሚላከው ፎቶ ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኝ የመቀበል መብት አላት። «እናቴ የት አለች? እሷን አሳዩኝ» ብላ ትጽፋለች። እናትየው በዚያን ሰዓት በፎቶው ውስጥ የሉም፣ ቡና እያፈሉ ነው። ሌላ የእንቁላል ፎቶ ይላክላታል።

ሌላው ተመልካች ግን ግዴታ አለበት። ላይክ ካላደረግህ ምቀኛ ነህ። ካደረግህና ምንም ካልጻፍህ ኩራተኛ ነህ። ስለዚህ «ምራቄን አስዋጥሽኝ» ትላለህ፣ «እጅሽ ይባረክ» ትላለህ፣ ሽሮህን በአንድ እጅህ እየጠቀለልህ በሌላው እጅህ የሰው ክትፎ ታሞግሳለህ። እኔ በአንድ እሑድ አሥራ ዘጠኝ ቤት መርቄ አውቃለሁ። ቄስ እንኳ ይህን ያህል ቤት ሲመርቅ በየቤቱ አንድ ጉርሻ ይደርሰዋል።

ያለፈው እሑድ የጎረቤቴ ዶሮ እንደ ልማዱ ስልኬ ላይ መጣ። እኔም እንደ ልማዴ «ይባረክ» ብዬ ጻፍሁ። እሷም ወዲያው ልብ ላከችልኝና ከልቡ ሥር አንድ ቃል ጨመረችበት፦ «እንብላ!»

ቃሉን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ያደግሁበት ቃል ነው፤ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ነው የተነሣው። እጄን ታጠብሁ፣ ሸሚዜን ቀየርሁ፣ ባዶ እጅ እንዳይሆን ከጓሮዬ አራት ፓፓያ ለቅሜ በፌስታል አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከበሬ እስከ በሯ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አንኳኳሁ። ከውስጥ ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቀጥ አለ። የድስት ክዳን ሲገጠም ሰማሁ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። አውጥቼ አየሁት፣ ከእሷ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው? በደኅና ነው?»