«ፔሌ! ፔሌ!» ለምትለኝ የአራዳ ልጅ

አንተ የአራዳ ልጅ፣ ፔሌን ተው አልልህም። ሦስት የዓለም ዋንጫ የበላ ሰው አይናቅም። ልጅ ሳለ ካልሲ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ መራገጡን፣ በ17 ዓመቱ ስዊድን ላይ በፍጻሜው ሁለት ጎል ማስቆጠሩን ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ። እሰየው! ግን መንግሥቱ ወርቁ ስልህ «የየት አገር ተጫዋች ነው?» ካልከኝ ዝም ብዬ አላልፍህም።

ትውልዱ ጎንደር፣ ክለቡ ቅዱስ ጊዮርጊስ!

«ከፔሌ ጋር ምን አገናኘው?» ዕድሜ ነዋ፤ ሁለቱም በፈረንጅ 1940 የተወለዱ እኩዮች ናቸው። ዓመቱም ያገናኛቸዋል። በእኛ 1954 ብራዚል ቺሊ ላይ የዓለምን ዋንጫ፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰዱ። ፔሌ ያን ጊዜ በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ የቀረውን ከዳር ሆኖ አየ። የእኛው ሰው ቱኒዚያም ላይ ግብፅም ላይ አግብቶ፣ በሦስት ጎል ኮከብ አግቢነቱን ከግብፁ ባደዊ ጋር ተካፈለ።

«ያኔ እኮ አራት ቡድን ብቻ ነበር!» ይቺን የማይላት የለም። አዎ፣ አራት ነበር። አንዱ ግን ግብፅ ነው፤ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ሁለቱንም ጠራርጎ የወሰደው ግብፅ! ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 13፣ ሁለቴ መሩን፤ ሁለቴ ደረስንባቸው። መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ኢታሎ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ራሱ ኢታሎ ደገመ፤ ከዚያ መንግሥቱ አራተኛዋን አስቆጥሮ ነገሩን ጨረሰው። 4 ለ 2! ዋንጫውን አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አለው፤ ቁጠረው።

«ፔሌ እኮ ሚኒስትርም ሆኗል!» ሆኗል፣ የስፖርት ሚኒስትር። ብሔራዊ ቡድን አሠልጥኖ ዋንጫ አስበልቷል? መንግሥቱ በ1980 የሴካፋን ዋንጫ አስበልቶናል፤ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትተን። አላምንም ካልክ አባትህን ጠይቀው፤ የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እያስታወሰ ይነግርሃል።

«ጎንደር ኳስ ያወቀችው በፋሲል ከነማ ነው» የምትለዋ ግን ከሁሉም ትብስብኛለች። አፄዎቹ በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኬአለሁ። ከዚያ 59 ዓመት ቀድሞ ግን ጎንደር የወለደችው ሰው የአህጉሩን ዋንጫ አንስቷል! ይህን ሳያውቅ የሚያድግ የጎንደር ልጅ ሳይ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የሰፈር ውድድር ማሊያህ ጀርባ ላይ 10 ቁጥር ስታሳትም ከላዩ «መንግሥቱ» ብለህ አጽፍበት። «ማነው እሱ?» ያለህን ሁሉ ወደ እኔ ላከው።